ሮለር ደርቢ፦ ግፊያ የሚመስለው ጨዋታ እንዴት ይታያል?

ቲክቶክ ላይ አልፎ አልፎ ብቅ የምትል አጭር ቪዲዮ አለች። ሄልሜት ያደረጉ ሴቶች ባለ አራት ጎማ ጫማ ላይ ሆነው ይጋፋሉ። አንዷ በትከሻዋ ሰርስራ ልታልፍ ትሞክራለች። ሌላዋ በዳሌዋ መታ አድርጋ ወለሉ ላይ ትዘረጋታለች። ፊሽካ ይነፋል፣ ሕዝቡ ይጮኻል፣ ቪዲዮው ያልቃል። ማን አሸነፈ? ለምን ተጮኸ? ኮሜንቱን ብታዩት ግማሹ «ድብድብ ነው እንዴ?» የሚል ነው።

ድብድብ አይደለም። ሮለር ደርቢ ይባላል። የራሱ ሕግ፣ የራሱ ደረጃ፣ የራሱ የዓለም ዋንጫ ያለው ስፖርት ነው። የሚጫወቱት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ደመወዝም አይከፈላቸውም። ሐበሻ በብዛት በሚኖርባቸው ከተሞች፣ ለምሳሌ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሲያትል፣ በዴንቨር፣ በሚኒያፖሊስ፣ በቶሮንቶ፣ በለንደንና በሜልበርን ቡድኖች አሉ። ምናልባት እናንተ ካላችሁበት ሰፈር ብዙም ሳይርቅ ቅዳሜ ማታ ሲጫወቱ ሰምታችሁ አልፋችሁት ይሆናል።

ብዙ ሰው አንዴ አይቶ «አልገባኝም» ብሎ ይተወዋል። ሕጉ በዝቶበት ይመስለዋል። እኔ አይመስለኝም። እግር ኳስ ከምንወደው ሰዎች ውስጥ ኦፍሳይድን አብጠርጥሮ የሚያስረዳ ስንት አለ? ሆኖም እናያለን፣ እንጮኻለን፣ እንናደዳለን። ሮለር ደርቢ የሚያደናግረው ዓይን ማረፊያ ስለሚያጣበት ነው። ኳስ የለም። ጎል የለም። ሁለቱም ቡድን የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። የት መመልከት እንዳለበት የተነገረው ሰው ግን ነገሩ ቶሎ ይገለጥለታል።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት፣ ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ኳስ ከሌለ ምን ይቆጠራል?

ሰው ይቆጠራል።

ከእያንዳንዱ ቡድን አምስት አምስት ተጫዋች ሞላላ ትራክ ላይ ይወጣል። ከአምስቷ አንዷ ሄልሜቷ ላይ ኮከብ ያለበት ጨርቅ ታጠልቃለች። ጃመር ትባላለች። ነጥብ የምታስቆጥረው እሷ ናት። የቀሩት አራቱ ብሎከር ይባላሉ። ከአራቱ አንዷ ወፍራም መስመር ያለበት ጨርቅ ልታደርግ ትችላለች፤ እሷ ፒቮት ናት፤ ወደሷ እንመለሳለን።

ስምንቱ ብሎከሮች ከፊት ተሰባስበው ይቆማሉ። ይህ ስብስብ ፓክ ይባላል። ሁለቱ ጃመሮች ከኋላ፣ ከራሳቸው መስመር ይነሳሉ። አንድ አጭር ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም ይንቀሳቀሳል። የጃመሯ ሥራ ፓኩን ጥሶ መውጣት ነው። የመጀመሪያው ማለፍ ነጥብ የለውም። ወጥታ፣ ትራኩን ዞራ፣ ከፓኩ ኋላ ዳግም ስትደርስ ነው ቆጠራው የሚጀምረው። ከዚያ ወዲያ በሕጋዊ መንገድ ላለፈቻት ለእያንዳንዷ የተቃራኒ ብሎከር አንድ ነጥብ ታገኛለች። ብሎከሮቹ አራት ስለሆኑ በአንድ ዙር የሚገኘው እስከ አራት ነጥብ ነው። ጊዜ ካላት እንደገና ትዞራለች፣ እንደገና ትሞክራለች።

ይህ አንድ ፍልሚያ ጃም ይባላል። ቢበዛ 2 ደቂቃ ይቆያል። ሲያልቅ 30 ሰከንድ ይሰጣል፤ የደከሙት ወጥተው ሌሎች ይገባሉ፤ ሌላ ጃም ይጀመራል። አንድ ቡድን ለአንድ ጨዋታ እስከ 15 ተጫዋች ማስመዝገብ ይችላል። ጨዋታው በሁለት የ30 ደቂቃ ግማሽ ተከፍሎ 60 ደቂቃ ነው። የሚዞሩት ሰዓት ወደሚዞርበት በተቃራኒ ነው፤ እንደ አትሌቲክስ።

ስለ ጫማው አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ልጆች ሲነዱት የምናየው ስኬት አብዛኛውን ጊዜ ጎማው በአንድ ረድፍ የተደረደረው ነው። ደርቢ ላይ የሚደረገው ሁለት ጎማ ከፊት፣ ሁለት ጎማ ከኋላ ያለው የድሮው ዓይነት ነው። ፍጥነቱ ያንሳል፤ ግን ተረጋግቶ ለመቆምና ወደ ጎን ለመግፋት ይመቻል። ከጫማው ጫፍ ሥር ደግሞ ክብ የጎማ ፍሬን አለ። ጃመሮች ሲጨንቃቸው በእሱ ጫፍ ላይ ተነስተው እንደ ሯጭ ሁለት ሦስት እርምጃ ሲሮጡ ታያላችሁ።

ታዲያ ዓይኔን የት ላድርግ?

አዲስ ተመልካች ኮከቧን ይከተላል። አይፈረድበትም፤ ነጥቡ ያለው እሷ ጋ ነው። ኮከቧን ብቻ የተከተለ ሰው ግን የጨዋታውን ትልቁን ክፍል ያጣዋል። ጉዱ ያለው ፓኩ ውስጥ ነው።

ብሎከሮች በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ አለባቸው። የተቃራኒን ጃመር ያግዳሉ፤ የራሳቸውን ጃመር ደግሞ ያሳልፋሉ። እግር ኳስ ላይ አንዱ ሲያጠቃ ሌላው ይከላከላል፤ ኳሱ ሲቀማ ይገለባበጣል። እዚህ መገለባበጥ የለም። ሁለቱም ቡድን በዚያችው ሰከንድ ያጠቃል፣ በዚያችው ሰከንድ ይከላከላል። አንዷ ብሎከር የራሷን ጃመር ልታግዝ ከሄደች የማገጃው ግድግዳ ሳሳ ማለት ነው። ካልሄደች ጃመሯ ብቻዋን ትቀራለች። እንያዝ ወይስ እንርዳ? በየጃሙ፣ በየሰከንዱ የሚወሰነው ይህ ነው።

አንዱን ጃም ቀስ አድርገን እንየው። ሦስት ብሎከሮች ግድግዳ ሠርተዋል። ሁለቱ ጀርባቸውን ለጃመሯ ሰጥተው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ዳሌ ለዳሌ ገጥመዋል። ሦስተኛዋ ፊቷን ወደነሱ አዙራ ትከሻቸውን ይዛለች። የኋላውን ማየት የምትችለው እሷ ብቻ ናት፤ ስለዚህ «ግራ! ግራ! መሃል!» እያለች ትጮኻለች። ጃመሯ መጥታ በትከሻዋ መሃሉን ትሰረስራለች። አልሆነም። ወደ ውጪው ጠርዝ ትፈተለካለች። ግድግዳው እንዳለ ተንሸራቶ ይከተላታል። ጠርዙ ላይ ስትደርስ አንዷ በዳሌዋ አንድ ጊዜ መታ ታደርጋታለች፤ ጃመሯ ከመስመር ውጪ ናት።

አሁን ነው የሚገርመው። የመታቻት ብሎከር ወደ ፊት አትሄድም፤ ዞራ ወደ ኋላ ትሮጣለች። ለምን? ከትራክ ያስወጧት ተጫዋች ካስወጣቻት ሰው ፊት መግባት አትችልም፤ ከኋላዋ ነው የምትመለሰው። ብሎከሯ ወደ ኋላ በራቀች ቁጥር ጃመሯም አብራ ወደ ኋላ ትጎተታለች። በጭንቅ ያገኘችው አምስት ሜትር በሦስት ሰከንድ ውስጥ ይተናል። ይህን የማያውቅ ተመልካች ተጫዋቾቹ አቅጣጫ የጠፋባቸው ይመስለዋል። የሚያውቀው ተነስቶ ያጨበጭባል።

ይህ ሩጫ ግን ልክ አለው። ፓክ የሚባለው የሁለቱም ቡድን ብሎከሮች ያሉበት ትልቁ ስብስብ ነው፤ በመሃላቸው ያለው ክፍተት ከ10 ጫማ፣ ማለትም ከ3 ሜትር ገደማ መብለጥ የለበትም። ከፓኩ 20 ጫማ ያህል ፊት ወይም ኋላ ከሄዱ በኋላ ማገድም መግፋትም አይፈቀድም። ስለዚህ የሁለቱ ቡድን ብሎከሮች ሳይወዱ በግድ ተያይዘው ነው የሚኖሩት። አንዱ ቡድን ፍጥነት ልጨምር ሲል ሌላው ቆሞ ይይዘዋል። አንዳንድ ጊዜ ባለ ጎማ ጫማ ስፖርት ሆኖ ስምንት ሰው ባለበት ቆሞ የሚታየው ለዚህ ነው።

ምክሬ ይኸውና። ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጃሞች የውጤት ሰሌዳውን እርሱት። አንዱን ቡድን ምረጡና ግድግዳውን ብቻ ተመልከቱ፦ ሲከፈት፣ ሲዘጋ፣ ሲፈርስ፣ እንደገና ሲሠራ። ኮከቧ ራሷ ዓይናችሁ ውስጥ ትገባለች።

ዳሌዋን መታ መታ የምታደርገው ለምንድን ነው?

አዲስ ሰው ይዤ በሄድኩ ቁጥር የምጠየቀው ይህ ነው።

ከሁለቱ ጃመሮች ቀድማ፣ ሕግ ሳትጥስ ፓኩን ያለፈችው መሪ ጃመር ትሆናለች። ዳኛው ሁለት ፈጣን ፊሽካ ይነፋል፤ በእጁ እየጠቆማት አብሯት ይንሸራተታል። መሪ መሆን አንድ ትልቅ ሥልጣን ይሰጣታል፤ ጃሙን ሁለቱ ደቂቃ ሳይሞላ ማቆም ትችላለች። ማቆም ስትፈልግ በሁለት እጇ ዳሌዋን ደጋግማ መታ ታደርጋለች። አራት ፈጣን ፊሽካ፤ አለቀ።

ማቆም ለምን ይጠቅማል? እንበል መሪዋ አራት ነጥብ ወሰደች። ያችኛዋ ጃመር አሁን ገና ከፓኩ ወጥታ እየዞረች ነው። እዚህ ላይ ከቆመ ጃሙ 4 ለ 0 ነው። መሪዋ ስግብግብ ብላ ሁለተኛ ዙር ስትሞክር ግድግዳው ከያዛትስ? ያችኛዋ ደርሳ ነጥቧን እየለቀመች ትሄዳለች። አሰልጣኞች ከዳር ቆመው የራሳቸውን ዳሌ እየመቱ ሲጮኹ ብታዩ ትርጉሙ «ይብቃሽ፣ አቁሚው!» ነው። አንዳንዷ አትሰማም። አንዳንዷ ሰምታ አሻፈረኝ ትላለች። ሁለቱም ለተመልካች ያዝናናል።

ፒቮቷን ረስተናታል። ጃመሯ አቅም ካጣች የኮከቡን ጨርቅ አውልቃ ለፒቮቷ ማቀበል ትችላለች። መወርወር አይፈቀድም፤ ከእጅ ወደ እጅ ነው። ፒቮቷ ጨርቁን ከተቀበለች ጃመር ሆነች ማለት ነው። ሁለት ሰው እየተገፋ፣ እየተንሸራተተ፣ በሦስት ሰው ጭንቅላት ላይ እጁን ዘርግቶ ጨርቅ ለመቀባበል ሲታገል ማየት በራሱ ትኬቱን ያወጣል።

ግፊያው ሕግ የለውም እንዴ?

አለው፤ ያውም ጠበቅ ያለ። የሚመታው በትከሻ፣ በደረት፣ በዳሌና በጭን ነው። በክርን መምታት፣ በእጅ መግፋት፣ መያዝ፣ መጥለፍ ክልክል ነው። የሚመታው የሰውነት ክፍልም ተወስኗል። ጀርባ አይነካም። ከአንገት በላይ አይነካም። ከጭን መሃል በታችም አይነካም።

ሕግ የጣሰች ተጫዋች አንድ ረጅም ፊሽካ ይነፋባታል። ዳኛው የማሊያዋን ቀለም፣ ቁጥሯንና ጥፋቷን ጮክ ብሎ ይናገራል። ክርክር የለም፤ ራሷ ወደ ቅጣት ወንበር ትሄዳለች። እዚያ 30 ሰከንድ ትቀመጣለች፣ ቡድኗም በዚያ ጊዜ አንድ ሰው ጎድሎት ይጫወታል። ሰባት ቅጣት የሞላባት ከጨዋታው ትሰናበታለች።

የተቀጣችው ጃመር ከሆነች ነገሩ ይከፋል። ቡድኗ ነጥብ የሚያስቆጥርለት ሰው የለውም፤ የተቃራኒዋ ጃመር ብቻዋን እየዞረች ትሰበስባለች። ፓወር ጃም ይሉታል። ጨዋታ የሚገለበጠው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ሕዝቡ በአንድ ፊሽካ ድንገት ሲፈነዳ ከሰማችሁ ወደ ቅጣት ወንበሩ ተመልከቱ፤ ኮከብ ያለባት ተጫዋች እየሄደች ይሆናል። አንዲት አስቂኝ ሕግም አለች። አንዷ ጃመር ወንበር ላይ እያለች ሌላኛዋም ተቀጥታ ከመጣች፣ የመጀመሪያዋ ወዲያው ትለቀቃለች።

ይህን ሁሉ ለመከታተል እስከ ሰባት ዳኛ በጎማ ጫማ ትራኩ ውስጥና ዙሪያ ይንሸራተታል። ከነሱ ሌላ ሰዓት የሚይዝ፣ ቅጣት የሚመዘግብ፣ ነጥብ የሚጽፍ አለ። እነሱም የሚሠሩት በነጻ ነው።

ጉዳት የለም ብዬ አልዋሽም። ቁርጭምጭሚት ይሰበራል፣ ጉልበት ይጎዳል፣ ጭንቅላት ይመታል። ለዚህ ነው ሄልሜት፣ የጥርስ መከላከያ፣ የክርን፣ የእጅ አንጓና የጉልበት መከላከያ ግዴታ የሆነው። ጀማሪዎች መጀመሪያ ከሚማሩት አንዱ አወዳደቅ ነው። ስትወድቂ ጨብጪ ይሏታል፤ በተዘረጋ ጣት ላይ የሌላ ሰው ጎማ ያልፍበታላ።

እንደ ሬስሊንግ የተቀነባበረ ነው የሚባለውስ?

ይህ ሐሜት ከሜዳ አልመጣም። ታሪክ አለው።

ነሐሴ ወር 1935፣ ቺካጎ። አሜሪካ በከባድ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ናት። ሕዝቡ በርካሽ የሚያየው ነገር ይፈልጋል፤ ለቀናት ሳያቋርጡ የመደነስና የመራመድ ውድድሮች አዳራሽ ይሞሉ ነበር። ሊዮ ሴልትዘር የሚባል አዘጋጅ ይህንኑ ወደ ጎማ ጫማ አዞረው። ቺካጎ ኮሊሲየም በተባለ አዳራሽ ውስጥ ወንድና ሴት ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ከማቋረጥ ጋር የሚተካከል ርቀት ለሳምንታት እንዲዞሩ አደረገ። ልብ በሉ፣ ሴቶች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተወዳዳሪዎች ነበሩ። ያን ጊዜ ግፊያው የጨዋታው አካል አልነበረም። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ዴመን ራንየን የተባለው ጋዜጠኛ አየውና፣ ሕዝቡ የሚወደው ሲጋጩ ስለሆነ ግጭቱን አጉሉት ብሎ መከረ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ቴሌቪዥን ሲመጣ ጨዋታው በየቤቱ ገባ።

የሴልትዘር ቤተሰብ ድርጅት በ1973 ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የመጡት ትርኢት አብዝተው ስፖርቱን አሳነሱት፤ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ የሚታወቅበት ጊዜም ነበር። በ1989 የተጀመረ አንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ጭራሽ የአዞ ገንዳ አስገብቶ ነበር። አዎ፣ አዞ። ፕሮግራሙ ብዙ አልቆየም። ስሙ ግን ተበላሽቶ ቀረ።

ዛሬ የምናየው ከዚያ የቀጠለ አይደለም፤ እንደ አዲስ የተተከለ ነው። በ2001 በኦስቲን፣ ቴክሳስ ጥቂት ሴቶች ተሰባስበው ጀመሩት። በአስተዳደር ጉዳይ ተጣልተው በ2003 ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን በድሮው፣ ዳርና ዳሩ ከፍ ባለው የእንጨት ትራክ ቀጠለ። ሌላኛው ቴክሳስ ሮለርገርልስ ተብሎ በጠፍጣፋ ወለል ላይ መጫወት ጀመረ።

ይህች ትንሽ የምትመስል ለውጥ ናት ሁሉን የቀየረችው። ከፍ ያለው ትራክ ውድ ነው፤ መጋዘን ይፈልጋል፤ ለማጓጓዝም መከራ ነው። ጠፍጣፋው የሚፈልገው ሰፊ ወለል፣ ገመድና ፕላስተር ነው። ገመዱን በሞላላ ቅርጽ ትዘረጋላችሁ፣ ላዩን በፕላስተር ትለጥፋላችሁ፤ ተጫዋቿ መስመሩን ሳታይ እንኳ በጎማዋ ይታወቃታል። ጨዋታው ሲያልቅ ተልጦ ይጣላል። የድሮ የስኬቲንግ አዳራሽ፣ የባዛር አዳራሽ፣ ባዶ መጋዘን፣ ሁሉም ሜዳ ይሆናል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጨዋታው አሜሪካንና አውሮፓን አዳርሶ አውስትራሊያ ደረሰ። ካይሮ ውስጥም በ2012 ቡድን ተመሥርቷል።

የየከተማው ቡድኖች ተሰባስበው የሴቶች የጠፍጣፋ ትራክ ደርቢ ማኅበርን አቋቋሙ። ደብሊው ኤፍ ቲ ዲ ኤ በሚለው ምኅጻሩ ነው የሚታወቀው። ሕጉን የሚያወጣው፣ ደረጃ የሚሰጠው እሱ ነው። የመጀመሪያው ሻምፒዮና በ2006 በአሪዞናዋ ቱሳን ተካሄደ። የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ደግሞ በ2011 በቶሮንቶ 13 አገሮችን አሰባሰበ። በ2014 ዳላስ ላይ 30፣ በ2018 ማንቸስተር ላይ 38 ሆኑ። ቶሮንቶ ላይ አሜሪካ ካናዳን በፍጻሜው 336 ለ 33 ነው ያሸነፈችው። ትርኢት የሚያቀነባብር ሰው ቢኖር ኖሮ እንዲህ ያለ ፍጻሜ አይጽፍም።

«አማተር» ሲባል ደካማ ማለት ነው?

አይደለም። ደመወዝ የለም ማለት ነው። እንዲያውም ተጫዋቿ ናት የምትከፍለው፦ ወርኃዊ መዋጮ፣ ኢንሹራንስ፣ ጫማ፣ ጎማ፣ የጉዞ ወጪ። ቀን ነርስ ናት፣ አስተማሪ ናት፣ ኮምፒዩተር ላይ የምትሠራ ናት። ማታ ልምምድ ትሄዳለች።

የማኅበሩ መርሕ፣ ቡድኑ በተጫዋቾቹ የሚመራ ይሁን የሚል ነው። ከላይ ሆኖ የሚያዝ ባለ ሀብት የለም። አንዷ ትኬት ትሸጣለች፣ አንዷ ጀማሪ ታሠለጥናለች፣ አንዷ ከአዳራሽ ባለቤት ጋር ስለ ኪራይ ትከራከራለች። በር ላይ ትኬታችሁን የምትቀበለው ሴት ከአንድ ሰዓት በኋላ ኮከብ አድርጋ ትራክ ላይ ልታገኟት ትችላላችሁ። ከሌላ ከተማ የመጡ ተጫዋቾችን የተቃራኒ ቡድን አባላት ቤታቸው ማሳደርም የተለመደ ነው። ማታ አብልተው አሳድረው፣ በማግሥቱ ትራክ ላይ ይጥሏቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ቃል አያምታታችሁ። ደርቢ ላይ ሊግ የሚሉት እኛ ክለብ የምንለውን ነው። አንድ ሊግ በውስጡ እርስ በርስ የሚጋጠሙ ብዙ ቡድኖች ይኖሩታል፤ ከሁሉም የተመረጡት ምርጦች ከሌላ ከተማ ጋር ይጫወታሉ።

የላይኛውን ደረጃ ለማየት የኒውዮርኩን ጎታምና የፖርትላንዱን ሮዝ ሲቲ ማወቅ ይበቃል። ጎታም በ2008፣ ከዚያም ከ2011 እስከ 2014 በተከታታይ ሻምፒዮን ሆነ። የመጨረሻውን ድል ናሽቪል ላይ ያገኘው ሮዝ ሲቲን 147 ለ 144 አሸንፎ ነው። ሦስት ነጥብ! ከአንዲት ጃመር አንድ ሙሉ ዙር ያነሰ ነው። በዓመቱ ሴንት ፖል ላይ እንደገና በፍጻሜ ተገናኙ፤ ሮዝ ሲቲ 206 ለ 195 መለሰለት። በ2017 ደግሞ የሜልበርኑ ቪክቶሪያን ዋንጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከአሜሪካ ውጪ ወሰደ። እነዚህን ጨዋታዎች ሲጫወቱ የነበሩት ሰኞ ጠዋት ሥራ የሚገቡ ሰዎች ናቸው።

ደመወዝ አለመኖሩ ጉዳትም አለው። በ2020 ኮቪድ ሲመጣ ጨዋታው ቆመ። ገቢ ቀረ፣ አዳራሽ ተለቀቀ፣ ተጫዋች ተበተነ። ያልተመለሱ ሊጎች አሉ።

ስማቸው ለምን እንዲህ ይገርማል?

ማሊያቸው ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ራሳቸው ያወጡት ስም ነው። የሚያስቅ፣ የሚያስፈራ፣ ብዙውን ጊዜ ደግሞ በቃላት ጨዋታ የተሠራ። ለእኛ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ የለ? የፈረስ ስም ለጦር ሜዳ እንደሚወጣው የደርቢ ስምም ለትራክ ይወጣል። ድሮ ሁለት ሰው አንድ ስም እንዳይዝ መዝገብ ሁሉ ነበር።

አሁን አሁን የቤተሰብ ስማቸውን የሚጽፉ በዝተዋል። እንደ አትሌት እንታይ ነው ነገሩ። እኔ ሁለቱም ያስኬዳል ባይ ነኝ፤ ግን ስም የምትጠራው አስተዋዋቂ ጎበዝ ከሆነች የፈረስ ስሙ ይበልጣል። የቡድኖቹም ስም እየተቀየረ ነው። ለንደን ሮለርገርልስ ይባል የነበረው ለንደን ሮለር ደርቢ ሆኗል፤ የሁሉም ጾታ ተጫዋች ስላለ «ልጃገረዶች» የሚለውን ብዙዎች አውጥተውታል።

ትኬት ብቆርጥ ምን ልጠብቅ?

ስታዲየም አትጠብቁ። ሲያትል ላይ በ2010 አካባቢ ከ6 ሺህ በላይ ሰው አንድ ጨዋታ ያየበት ጊዜ ነበር፤ በአብዛኛው ግን የምትገቡት ጥቂት መቶ ሰው የሚይዝ አዳራሽ ነው። ትኬቱ ከትልልቆቹ የአሜሪካ ሊጎች ጋር አይወዳደርም። ብዙ ጊዜ በአንድ ማታ ሁለት ጨዋታ አለ።

ከትራኩ ዳር፣ ወለሉ ላይ መቀመጥ ይቻላል። ተጫዋች ተንሸራታ እግራችሁ ላይ ልትወድቅ ስለምትችል እዚያ አብዛኛውን ጊዜ ከ18 ዓመት በታች አይፈቀድም። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ግን ወለሉ ይቅርባችሁ። ከፍ ብላችሁ መታጠፊያው አጠገብ ተቀመጡ፤ ግድግዳው ሲሠራና ሲፈርስ በደንብ የሚታየው ከላይ ነው። በሌላ ቀን ወለሉ ላይ ውረዱ፤ የጎማውን ድምፅና «መሃል! መሃል!» የሚለውን ጩኸት ያን ጊዜ ትሰማላችሁ። ሽታውንም። የጉልበት መከላከያ ታጥቦ የሚጠራ ነገር አይደለም።

ደጋፊው በእንግዳ ቡድን ላይ አይጮኽም። ጥሩ ምት ከሆነ ለተቃራኒም ይጨበጨባል። ተጫዋች ስትጎዳ ሌሎቹ ባሉበት በአንድ ጉልበታቸው ይንበረከካሉ፤ ስትነሳ አዳራሹ በሙሉ ያጨበጭባል። ሲያልቅ ሁለቱም ቡድን ከተመልካች ጋር ወደ አንድ መጠጥ ቤት መሄዱ የቆየ ልማድ ነው። ያልገባችሁን ሕግ የምትጠይቁት እዚያ ነው። መልሱ ረጅም ይሆናል፤ በብርጭቆና በጨው ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ፓክ እየሠሩ ነው የሚያስረዷችሁ።

ከከተማችሁ ጨዋታ ከሌለ የቆዩ የሻምፒዮና ጨዋታዎችን ኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከላይ ያልኳቸውን የ2014ና የ2015 ፍጻሜዎች ካገኛችሁ በተከታታይ እዩአቸው፤ ሁለተኛውን ስታዩ ወገን ይዛችሁ ነው የምትጀምሩት።

መንሸራተት የማትችሉና ከማየት በላይ የምትፈልጉ ከሆነም መላ አለ። ሊጎች ሰዓት የሚይዝና ቅጣት የሚጽፍ ሰው ሁሌ ያጥራቸዋል። ጎማ ጫማ አያስፈልግም፤ ሥልጠናውን ራሳቸው ይሰጧችኋል። ከዚህ ሥራ አንዳንዱ የሚሠራው ከትራኩ መሃል ተቁሞ ነው፤ ፓኩን በሁሉም አቅጣጫ የምታዩበት፣ ትኬት የማይቆረጥበት ቦታ እሱ ነው።